ከቅርጫቱ የተመለሰው ፖስታ

ለጌታሁን፣ ለልጄ አባት፣

ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ስለረሳሁህ አይደለም፤ ተናድጄብህ ነው። የሞተን ሰው ይቆጡታል ወይ እንዳትለኝ፤ እኔ ተቆጥቼሃለሁ። አሁን ትንሽ በርዶልኛል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ልንገርህ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ። ልጃችን ሜሮን ደህና ናት፤ ትምህርቷንም ከእኔ ጋር መነታረኩንም አላቋረጠችም። እኔ አሁንም ግሌንዴል ሄጄ ያቺን አሮጊት አስታምማለሁ፤ «ከእኔ ይልቅ ለእሷ ትሣሺያለሽ» እያልክ የምትቀናባትን። የሎሚው ዛፍ አንተ እያለህ እንቢ ብሎ ኖሮ ዘንድሮ ለጎረቤት እስክናድል ድረስ አፈራ። ጫማህ ከበሩ ኋላ እንዳለ ነው። ለሚጠይቀኝ ሰው «ሌባ ቢመጣ ወንድ ያለበት ቤት ይምሰለው ብዬ ነው» እላለሁ፤ አንተ ግን ምክንያቱን ታውቀዋለህ። ጋራዡን አፍርሰን ጓሮ ያሠራነው ቤትም ተከራየ። ሁለት ነርሶች ናቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ። ድምፃቸው ስለማይሰማ መጀመሪያ ጠርጥሬያቸው ነበር፤ ለካ ቀን የሚተኙት የሌሊት ሠራተኞች ስለሆኑ ነው።

የምጽፍልህ ስለዚያ ቤት ነው። እሱን ስለሠራው ስለ ፍሰሐም ነው።

አርባህ ከወጣ ወር ሳይሞላ ፖስተኛው በፊርማ የሚወሰድ ደብዳቤ አመጣ። ላዩ ላይ ያለው ስም ያንተ ነው። ለሞተ ሰው ማን ይጽፋል ብዬ አልፈርምም አልኩ። እሱ ምን ቸገረው፣ እስክሪብቶውን እንደዘረጋ ቆሞ ጠበቀኝ። ፈረምኩ። ሜሮን ከትምህርት ስትመለስ አነበበችውና ፊቷ ተለወጠ። «ማሚ፣ ላየን ነው። ፍሰሐ ቤታችን ላይ ላየን ፋይል አድርጓል» አለችኝ። ላየን ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው የተማርኩት። ቤት የሠራ ኮንትራክተር ገንዘቤ አልተከፈለኝም ካለ ካውንቲው መዝገብ ላይ ቤቱን ያሳግደዋል። ዕገዳው ሳይነሣ ቤቱን መሸጥም፣ በእሱ መበደርም አይቻልም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን የደብዳቤ መዓት ባየህ። ቤትሽን በጥሬ ገንዘብ እንግዛሽ የሚል፣ ላየንሽን እናስነሣልሽ የሚል፣ ብድር እንስጥሽ የሚል። እኔ መንግሥት የላከውንና አጭበርባሪ የላከውን መለየት ስላቃተኝ ሁሉንም አጭበርባሪ ነው ብዬ ደመደምኩ። ከሁሉም የባሰው አጭበርባሪ ደግሞ ፍሰሐ ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው።

ፍሰሐን ያመጣኸው አንተ ነህ። የዕቁብ ጓደኛዬ ነው፣ ላይሰንስ አለው፣ እጁ ንጹሕ ነው ብለህ። እኔ ግን ገና ሳየው አልጣመኝም። ሲያናግሩት መሬት መሬት ያያል፤ እኔ ደግሞ ዓይን ዓይኔን የማያየኝን ሰው አላምንም። እሱ ሲሠራ እኔ ኩሽናው መስኮት ላይ ቆሜ እቆጥር ነበር፤ የሲሚንቶውን ከረጢት፣ የሴራሚኩን ካርቶን፣ የሚገባ የሚወጣውን ሠራተኛ። አንድ ካርቶን ሴራሚክ ጠፍቷል ብዬ ሰፈሩን ስቀውጠው እጄን ይዘህ ወደ መኝታ ቤታችን ወሰድከኝና ከቁም ሣጥኑ ጎን አሳየኸኝ። ዝናብ እንዳይነካው ያስገባኸው አንተ ነበርክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን «መርማሪዋ» አደረግከው። ከሥራ ስትመለስ «መርማሪዋ፣ ዛሬ ማንን አሰርሽ?» እያልክ ትገባለህ። እኔ እቆጣለሁ፣ አንተ ትስቃለህ። ያ ሳቅህ አሁን ቢሰማ ምን ነበረበት።

ሥራው አልቆ የከተማው ኢንስፔክተር ከፈረመ በኋላ የፍሰሐ የመጨረሻ ክፍያ ተከፈለ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ። «የፍሰሐን ነገር ለእኔ ተዪው» አልከኝ። ከፍለኸዋል ብዬ ተውኩት። በሃያ ሁለት ዓመት ትዳራችን ሳልመረምር ያለፍኩት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማድህ ሚራክል ማይል ሰፈር ወደ ፓርኪንግ ሥራህ ሄድክ። እዚያው ልብህ ቀጥ አለ።

ቀብሩ ለቅዳሜ ሆነ። እስከዚያ ለቅሶው እኛ ቤት ነበር። ሰዉ እያዘነ ይገባል፣ ፎቶህ ሥር ካስቀመጥነው ቅርጫት ውስጥ ስሙን ጽፎ ገንዘብ ያስገባበትን ፖስታ ይጥላል፣ ይቀመጣል። ሐሙስ ከሰዓት የዕቁብ ጓደኞችህ ተሰብስበው መጡ። እኔ ፍራሽ ላይ ነኝ። ሰው እያለቀሰም ቢሆን ዓይኑ ከለመደው ነገር አያርፍም፤ የእኔ ዓይን ቅርጫቱ ላይ ነበር። ፍሰሐ ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣለ፣ እዚያው ቅርጫቱ አጠገብ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ የዕቁቡ ዳኛ ጋሽ ተሰማ ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድማችን ጌታሁን ዕጣው ገና አልወጣለትም ነበር። የዚህ ወር ዕጣ ለእሱ ይሁንና ቤተሰቡ በክብር ይቅበረው። የሚቃወም ካለ ይናገር፣ የሚስማማ እጁን ያንሣ» አሉ። በዚያ ቅጽበት ነው ያየሁት። ፍሰሐ ቀስ ብሎ እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ሰደደ፣ አንድ ፖስታ አወጣ፣ ደረት ኪሱ ከተተው። ከዚያ ያንኑ እጁን ከሰዉ ጋር አነሣ።

አልጮኽኩም። ባሌ ተጋድሞ ስለ ፖስታ አልጮኽም ብዬ ዋጥኩት። ከቀብር በኋላ ግን ቅርጫቱን ስንከፍት የፍሰሐ ስም ያለበት ፖስታ እዚያው አለ፤ ውስጡም ሙሉ ነው። እንግዲህ ኪሱ የከተተው የሌላ ሰው ነው ማለት ነው አልኩ። የየትኛው ሐዘንተኛ ፖስታ እንደጠፋ በምን ላውቅ? ነገሩን ይዤ ተቀመጥኩ። ዕጣው ለመቃብርህ ቦታና ለቀብር ድርጅቱ ሂሳብ ዋለ።

ስለዚህ ላየኑ ሲመጣ ለእኔ ሁሉም ነገር ገጠመ። የለቅሶ ፖስታ የሰረቀ ሰው የሞተ ሰው መመስከር እንደማይችል አይቶ ሁለቴ ሊያስከፍለኝ መጣ፤ በቃ። እናም ዝም አላልኩም ጌታሁን። ፌርፋክስ ላይ የሐበሻ ሱቅ ስገባ ተናገርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተናገርኩ፣ ፀጉሬን የምትሠራኝ ልጅ ሳትቀር ሰማች። «እጁን አንሥቶ ዕጣውን ሲሰጠኝ የነበረ ሰው ነው ቤቴን የቀማኝ» እያልኩ። ሰዉም ከንፈሩን መጠጠልኝ። ፍሰሐ ወደ ዕቁቡ መምጣት ተወ፤ ገንዘቡን በሰው እየላከ ራሱ ቀረ። ሬስቶራንቷን ሊያድስላት የነበረች ሴትም ለሌላ ሰጠችው ሲባል ሰማሁ። እሰይ አልኩ።

በዚህ መሐል የራሴ ጣጣ ነበረብኝ። ቤቱ በስምህ ብቻ ነው። ያለ አንተ ደሞዝ የወሩን ክፍያ አልችለውም፤ ወደ ስሜ አዙሬ ብድሩን እንደገና በረዥም ጊዜ ካላሠራሁት ቤቱ ይሄዳል። ባንኩ ላየኑን አየና ወረቀቴን መለሰው። ሜሮን ዊልሸር መንገድ ላይ ጠበቃ ፈልጋ ወሰደችኝ። ሰውዬው ሰማንና አንድ ቀላል ነገር ነገረን፤ ሜሮን ተረጎመችልኝ። «ማሚ፣ ላየኑን ሬኮርድ ካደረገ በኋላ ናይንቲ ዴይስ ነው ያለው። እስከዛ ኮርት ካልሄደ ላየኑ ዋጋ የለውም፤ እናስነሣዋለን። ሶ አትደውዪለት፣ ምንም እንዳትጽፊለት፣ ዝም ብለሽ ዌይት አድርጊ ነው የሚልሽ።»

ዘጠናው ቀን እስኪያልፍ ዝም ማለት ቀላል መሰለኝ። ፍሪጁ ላይ ያለው የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ላይ ቀኖቹን እየሰረዝኩ ጠበቅሁ። ፖስተኛው በመጣ ቁጥር የክስ ወረቀት ነው ብዬ ሮጬ እወጣለሁ፤ የለም። ሁለት ወር አለፈ፣ የለም። ለምን አይከስም? መረጃ ስለሌለው ነው አልኩ። ውሸታም ስለሆነ ነው አልኩ።

አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው የመኪናህ ሬጂስትሬሽን፣ የዓመቱ ምዝገባ፣ ሊያልፍ ሆነ። መኪናህን ከሞትክ ጀምሮ ገብቼባት አላውቅም፤ ሽታህ አለባት። ያን ቀን ግድ ሆነብኝና ወረቀቱን ልፈልግ የፊቱን ኪስ ከፈትኩ። መነጽርህ፣ ያኘክበት የጥርስ እንጨት፣ የዕቁብ ደብተርህ። በላስቲክ የታሰረችው ሰማያዊዋ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ገለጥኳት። እያንዳንዱ ወር ተጽፏል፣ ጎኑ የጋሽ ተሰማ ፊርማ አለ። መጨረሻው ገጽ ላይ በእጅህ፣ በዚያ በተኮላተፈ ጽሕፈትህ እንዲህ ይላል፤ «ዕጣዬ ሲወጣ በቀጥታ ለፍሰሐ። የቀረው ሁሉ በዚህ ይዘጋል። እሺ ብሎኛል። የጓሮው ቤት ሲከራይ ለአስቴር እነግራታለሁ።» ሥሩ የደሞዝህ ወረቀት ተጣጥፏል። ለካ ፓርኪንጉ ማሽን አስገብቶ ሰዓትህን በግማሽ ቀንሶብሃል። በየጠዋቱ ግን በዚያው ሰዓት ነበር ከቤት የምትወጣው።

መኪናው ውስጥ በሩን ዘግቼ ሰደብኩህ። እውነቱን ነው የምነግርህ፣ ጮኼ ሰደብኩህ። ያ ዕጣ የሜሮን ትምህርት ነው ተባብለን ነበር። ሰዓትህ ሲቀነስ ለምን አልነገርከኝም? ጥያቄዬን ፈርተህ ነው። መርማሪዋ አርፋ እንድትተኛ ብለህ ነው። ሌላው ሰው አትጠረጥርም ብሎ ቢሸሽገኝ ግድ የለኝም፤ አንተ ግን እንደምጠረጥር እያወቅህ ሸሸግከኝ።

ከዚያ ያ ሐሙስ ተመልሶ መጣብኝ። ጋሽ ተሰማ ሲነሡ፣ ዕጣው ለቀብሩ ይሁን ሲሉ፣ ፍሰሐ እጁን ቅርጫት ውስጥ ሲሰድ። ያ ዕጣ የእሱ ነበር። እያወቀ ነው እጁን ያነሣው።

ታዲያ ወዲያው የሄድኩ እንዳይመስልህ። አራት ቀን ደብተርህን ትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ከእኔ በቀር ያያት የለም። ሰባት ቀን ዝም ብል ቤቱ ነጻ ነው፤ ጠበቃውም ያለኝ ዝም በይ ነው። ደብተሯን ሎሚው ሥር ልቀብራት አስቤ አውቃለሁ። እንደዚህ ዓይነት ሰው መሆኔን አንተ ታውቅ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ ያስነሣኝ ጽድቅ አይደለም፤ መቃብርህ ነው። እሑድ አበባ ይዤ መጥቼ ስቀመጥ የተቀመጥኩበት ሣር በማን ገንዘብ እንደተገዛ አወቅሁ፤ መጸለይ አቃተኝ።

ሰኞ ፍሰሐ ዕቃውን ወደሚያስቀምጥበት ጋርዴና ያለ መጋዘን ሄድኩ። ሲያየኝ የያዘውን ባልዲ አስቀመጠና እንደ ወትሮው መሬት መሬት አየ። ደብተሯን ከፍቼ ሰጠሁት። አነበባት፣ በመዳፉ አፉን ያዘ። «ጽፎት ነበር እንዴ?» ብቻ አለ። ያ ፖስታ የማን ነበር አልኩት። ወደ ቫኑ ሄዶ ከፀሐይ መከላከያው ሥር አወጣው። ጀርባው ላይ «ለእትዬ አስቴር» ይላል፤ እንደታሸገ ነው። መርማሪዋ አይደለሁ፣ ትናንት ጽፎት እንደሆነ ብዬ አገላብጬ አየሁት። ፀሐይ አንዱን ጎኑን አደብዝዛዋለች፤ የወራት ነው። ስከፍተው ውስጡ የቀረው ክፍያ ሂሳብና «ሲመችሽ» የምትል አንዲት ቃል አለች።

«በአፌ ልነግርሽ አፈርኩ፣ እትዬ አስቴር» አለኝ። «ሠራተኞቼ ገንዘባቸውን እየጠበቁ ነው፤ ከለቅሶ ፖስታው ጋር ላስገባው፣ በኋላ ታየዋለች አልኩ። ጋሽ ተሰማ ሲነሡ ግን ምን ብዬ ልተወው? አወጣሁት። ከዛ አርባው ይውጣ ብዬ ጠበቅሁ። ከአርባው በኋላም ሁለቴ በርሽ ድረስ መጥቼ ጥቁር ለብሰሽ ሳይሽ ተመለስኩ። ሕጉ ደግሞ ሥራው ካለቀ ናይንቲ ዴይስ ነው፤ ለቅሶ አያውቅም። ፋይል ካላደረግሁ ራይቴ፣ የመጠየቅ መብቴ፣ ይቀራል፤ ፋይል አደረግሁ። ኮርት ግን አልወስድሽም ነበር።»

አልወስድሽም ነበር ያለውን አመንኩት ወይ? ግማሹን። ተፈጥሮዬን አልለውጥም። አንድ ነገር ግን ጠየቅሁት፤ ሰዉ ሁሉ ስምህን ሲያጠፋ ጌታሁን አልከፈለኝም ብለህ ለምን አልተናገርክም? «አፈሩ ሳይደርቅ?» አለኝና ባልዲውን አነሣ።

በሚቀጥለው እሑድ ፌርፋክስ፣ ዕቁቡ የሚሰበሰብባት ሬስቶራንት የኋላ ክፍል ገባሁ። ፍሰሐንም ለምኜ አመጣሁት፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ፣ አጠገቡ ማንም የለም። ተነሥቼ ደብተርህን አነበብኩ፤ ዕጣዬ በቀጥታ ለፍሰሐ የሚለውን። ከዚያ የለቅሶውን ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸታሟም እኔ ነኝ አልኩ። በየሱቁ የተናገርኩትን በአንድ ክፍል ውስጥ መመለስ እንደማይቻል አውቃለሁ። ለፀጉር ሠሪዋም ሄጄ ነግሬያታለሁ፤ ለሬስቶራንቷ ባለቤትም። ሴትዮዋ ለሌላ የሰጠችውን ሥራ መመለስ አልቻለችም። ጋሽ ተሰማ ወንበራቸውን ይዘው ሄደው ፍሰሐ አጠገብ ተቀመጡ።

ለጠበቃው የማልገባው ሴት ሆኛለሁ፤ ሜሮንም ለሁለት ቀን አኩርፋኝ ነበር። ዕዳው እውነት ነው ብዬ ፈረምኩ። ባንኩም አዲሱን ብድር ሲሰጥ የፍሰሐን ድርሻ ከላዩ ቆርጦ በቼክ እንዲሰጠው፣ እሱም በዚያው ቀን ላየኑን እንዲያነሣ ተስማማን። የወሩ ክፍያ እንዳሰብኩት አልቀነሰም፤ የነርሶቹ ኪራይ ነው የሚሞላው። ቤቱ ግን አለ። ላየኑ የተነሣበትን ወረቀት ሦስት ኮፒ አስደርጌ አንዱን ለሜሮን፣ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለፍሰሐ ሰጠሁ። «አላመንሽኝም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አንተን አምኜ የደረሰብኝን አየህ አልኩት። እሱም አንተም ይቅር በሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ኮቶችህን ሁሉ ኪስ ኪሳቸውን ፈትሻለሁ። ሌላ በቃልህ ብቻ የያዝከው ነገር ካለ እንዳያመልጠኝ ነው። እስካሁን የተገኘው ሳንቲምና የፓርኪንግ ቲኬት ነው። ለአንተ ያለኝ ቁጣ ግን እያለቀ ነው፤ ሰዓትህ ተቀንሶ በየጠዋቱ ልብስህን ተኩሰህ ለብሰህ ስትወጣ ሳስብህ ያልቃል። የት ነበር የምትውለው፣ የኔ ጌታ? እሱን ደብተርህም አልጻፈውም።

ዕቁቡ አላለቀም። ዕጣህን አስቀድመን ስለበላን የቀረውን ወር እኔ እከፍላለሁ። ጋሽ ተሰማ ስምህን ከዝርዝሩ አውጥተው የእኔን ሊጽፉ ብዕራቸውን አንሥተው ነበር፤ እጃቸውን ያዝኩ። ይቆይ አልኩ። አሁን በየወሩ ስም ሲጠሩ ዘጠነኛው ላይ ይደርሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጌታሁን» ይላሉ። የለም የሚላቸው ሰው እንዳይኖር ቀድሜ እጄን አነሣለሁ፣ ገንዘቡንም አስቀምጣለሁ። «አለ» እላቸዋለሁ።

አስቴር